ከግማሽ በር ጋር መኖር
(በሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)





 የመረጥሁት ርእስ ከእኔ በፊት ስለ ግድብና ስለ ድልድይ ከቀረቡት ንግግሮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለ አንድ መኪና በር፣ ያውም ስለ ግማሽ በር ነውና። ይሁን እንጂ መሐንዲስ የሚመዘነው በትልልቁ ሥራ ብቻ አይደለም። ሰው በየዕለቱ ከፍቶ የሚገባበትና ዘግቶ የሚታመንበት ዕቃ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የሰው ሕይወት የተደገፈበት እስከ ሆነ ድረስ ሊመረመር ይገባዋል።

ግማሽ በር ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። እንደ ጂፕ ራንግለር ባሉት፣ ጣሪያቸውና በሮቻቸው በሚወልቁ የመስክ መኪናዎች ላይ፣ ባለ መስተዋቱ ሙሉ በር ተነሥቶ በምትኩ የሚገጠም፣ ቁመቱ እስከ ተሳፋሪው ክንድ ብቻ የሚደርስ በር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ክፍት ይተዋል፤ ወይም ከሸራና ከለስላሳ ፕላስቲክ በተሠራ፣ በሁለት ዘንጎች በሚሰካ የላይ መስኮት ይሸፈናል። እንዲህ ያለውን በር አንዳንድ ጊዜ የመኪናው ፋብሪካ ራሱ ያቀርበዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሌሎች የመለዋወጫ ሠሪዎች ሠርተው ለባለቤቱ ይሸጡለታል። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ከእነዚህ ሠሪዎች በገዛሁት ግማሽ በር ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ዛሬ የምናገረውም ከዚሁ ልምድ የተገኘ ነው።

የነገሩን ሥር ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ኩባንያዎች ለጦርነቱ ከ600,000 በላይ ጂፖችን ሲሠሩ፣ መኪናዎቹ የብረት በር አልነበራቸውም። ወታደሩ ፈጥኖ እንዲወጣና እንዲወርድ ጎናቸው ክፍት ተትቶ ነበር፤ ሰው እንዳይወድቅም በመግቢያው ላይ አንድ ጠፍር ይታሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየው ላንድሮቨርም የዚሁ የጂፕ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሐሳቡ የመጣው ሞሪስ ዊልክስ የተባለው መሐንዲስ በእርሻው ላይ ይጠቀምበት ከነበረው ከጦርነት የተረፈ ጂፕ ነውና። ከእናንተ መካከል ለመንገድ ቅየሳ ወይም ለውሃ ጥናት በአሮጌው ላንድሮቨር ወደ ገጠር የወጣችሁ በሩን ታስታውሱታላችሁ። የታችኛው ክፍል የአሉሚኒየም ላሜራ ሲሆን፣ ተንሸራታች መስተዋት ያለበት የላይኛው ክፍል በዳዶ የታሰረ ነበር። ዳዶው ሲፈታ ሙሉው በር ግማሽ በር ይሆን ነበር። እንግዲህ ግማሽ በር የዛሬ ወጣቶች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የቆየ የመስክ መኪና ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በር ምን ይሠራል ብለን ብንጠይቅ፣ ለመግቢያና ለመውጫ ነው የሚለው መልስ ከሰባት አንዱ ብቻ ነው። በር መግቢያ ነው። ዝናብና ነፋስ ይከለክላል። ድምፅ ያፍናል። ንብረት ያስጠብቃል። ስፖኪዮውን ይሸከማል። ከጎን የሚመጣውን ግጭት ይቀበላል። በመጨረሻም፣ መኪናው ቢገለበጥ ወይም ቢንሸራተት ተሳፋሪውን በውስጥ ይይዘዋል። በሩ በግማሽ ሲቆረጥ ሥራው በግማሽ አይቀነስም፤ ከሰባቱ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ አንዳንዱም ወደ ሌላ ዕቃ ወይም ወደ ነጂው ራሱ ይተላለፋል። ከግማሽ በር ጋር በደኅና መኖር ማለት እያንዳንዱ ሥራ ወደ ማን እንደ ተላለፈ ዐውቆ መኖር ማለት ነው።

ለፍርድ እንዲመች ከጥቅሙ ልጀምር። በኮሎራዶ ደቡብ ምዕራብ፣ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር ከምትቀራረበው ከዩሬይ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቴሉራይድ የሚሻገረው የኢሞጂን መተላለፊያ 4,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። መንገዱ በብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ነጂው የፊት ጎማው የቱ ድንጋይ ላይ እንዳረፈ ማየት አለበት። ሙሉ በር ይህን ይጋርዳል፤ ግማሽ በር ግን አንገትን ጥቂት ብቻ በማዘንበል ጎማውንና የመንገዱን ጠርዝ አንድ ላይ ያሳያል። በግማሽ በር ላይ የሚነሣውን ቅሬታ ሁሉ የሚመጥን ጥቅም ቢኖር ይህ ነው።

ዋጋው ደግሞ ብዙ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳልና፣ በዩሬይ በሸሚዝ የተነሣ ሰው መተላለፊያው ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ያገኘዋል። በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ስለ ሆነ የላይ መስኮቶቹን ቤት ትቶ መውጣት አይገባም። እነዚህ መስኮቶች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፕላስቲኩ በብርድ ይደርቃል፤ በዚያን ጊዜ ቢጠቀለል ይሰነጠቃል። በአቧራ ላይ በደረቅ ጨርቅ ቢጠረግ ይጫራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በውሃ መታጠብ አለበት። በትልቁ መንገድ ላይ ደግሞ ነፋሱ መስኮቱን ወደ ውጭ ይስበዋል። ይህ የሚሆነው በመኪናው ጎን በፍጥነት የሚያልፈው አየር ግፊቱ በጋቢናው ውስጥ ካለው ስለሚያንስ ነው። በግምት አስልቼው ነበር፤ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሩብ ሜትር ካሬ በሚሆን መስኮት ላይ 6 ኪሎ ያህል ክብደት ወደ ውጭ እንደሚጎትት ያህል ነው። ዘንጎቹ ጥቂት ወደ ውስጥ ካልተቀነሱ በስተቀር የመስኮቱ የላይ ጠርዝ ከማሸጊያው ጎማ መላቀቁ አይቀርም።

አቧራም እንዲሁ የግፊት ጉዳይ ነው። ሣጥን መሰል መኪና ሲሄድ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ስለሚፈጠር፣ በራሱ ጎማ ያነሣው አቧራ ወደ መኪናው ይከተለዋል፤ ጎኑ ክፍት ከሆነም ተጠምዝዞ ይገባል። በላንድሮቨር የተጓዙ ሰዎች ፊታቸው ሳይሆን ማጅራታቸው በአቧራ የሚሞላበት ምክንያት ይኸው ነው።

ስለ ድምፅ የምለው ከምቾት በላይ ነው። አየር በዕቃ ጠርዝ ላይ ሲሰበር የሚፈጥረው ድምፅ ፍጥነቱ ስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ስለሚያድግ፣ ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲደረስ 13 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ይኸውም 94 ዴሲቤል ሲደርስ የሚመከረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በረጅም መንገድ ላይ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ፣ ወይም ሙሉውን በር መልሶ መግጠም ቅንጦት አይደለም።

ንብረትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የሸራ መስኮት በአንድ ምላጭ ይቀደዳልና የግማሽ በር ቁልፍ ሌባን አያስቆምም። ልምድ ያላቸው ባለቤቶች በሩን ሳይቆልፉ ይተዉታል፤ ዋጋ ያለው ዕቃ ከወለሉ ጋር በብሎን በተያዘ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ስፖኪዮውም በራንግለር ላይ ከበሩ ጋር አብሮ ስለሚወጣ፣ በማጠፊያው ላይ የሚታሰር ሌላ ስፖኪዮ ያስፈልጋል፤ ክንዱ ቀጭን ከሆነ ግን በንዝረት ምስሉን ያደበዝዛል። በሩ ከአሉሚኒየም፣ ማጠፊያው ከብረት ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው የናይለን ቀለበት ማስገባት ይገባል። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ በሁለቱ ማዕድኖች መካከል ሲገባ አሉሚኒየሙን ይበላዋልና። በበሩ ግርጌ ያሉትም የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑ ዘወትር መጠረግ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን የመጨረሻው ሥራ፣ ማለትም ሰውን በውስጥ መያዝ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የመኪና ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 206 በተራ መኪና ላይ ያለ የጎን በር መቆለፊያ ሁለት ደረጃ እንዲኖረው ያዛል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቢቀር ሁለተኛው ደረጃ እንዲይዘው ነው። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋም በቁመት አቅጣጫ 11,000 ኒውተን፣ ማለትም ከአንድ ቶን ክብደት የሚበልጥ ኀይል መቻል አለበት። ነገር ግን ያለ በር እንዲነዱ ሆነው ለተሠሩ መኪናዎች የተዘጋጁ፣ በቀላሉ የሚገቡና የሚወጡ በሮች ከዚህ ደረጃ ውጭ ተደርገዋል። ግማሽ በር በዚህ ክፍተት ውስጥ ይኖራል።

እኔ የገዛኋቸው በሮች መቆለፊያቸው ባለ አንድ ደረጃ ነበር። አንድ ቀን በተርገበገበ ኮረኮንች መንገድ ስንሄድ፣ ልጄ በተቀመጠችበት በኩል ያለው በር በንዝረት ተከፈተ። የደኅንነት ቀበቶዋን አጥብቃ ስለ ነበረ አንዳች ጉዳት አልደረሰባትም። እቤት ስደርስ መቆለፊያውን ፈትቼ ለካሁት፤ ምላሱ መያዣውን የሚጨብጠው በ4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ላሜራው በንዝረት ሲለጠጥ ይህ ይበቃል ለማለት አይቻልም። ስሙን መጥቀስ ለማያስፈልገኝ ለሠሪው ድርጅት ልኬቱን ጨምሬ ጻፍሁለት። መልሱም፣ ዕቃው ከተጠረገ መንገድ ውጭ ብቻ እንዲያገለግል የተሠራ ነው የሚል ሆነ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ይህን መልስ በጥሞና እንድትመረምሩት እለምናለሁ። ወደ ተራራው ለመድረስ 500 ኪሎ ሜትር በአስፋልት መነዳት እንዳለበት ሠሪው ያውቃል፤ ገዢውም ያውቃል። እንግዲህ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ሰውን ለማስጠንቀቅ ሳይሆን ኀላፊነትን ለማስተላለፍ ነው። የክፍላተ ግዛቱ ሕግጋት እንደ ተጠበቁ ሆነው፣ በግቢው ውስጥ የራሱን መኪና በር የሚለውጠውን ባለቤት የፌዴራሉ ሕግ አይከለክለውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ባለቤቱ፣ ሳያውቀው፣ የመኪናው ሠሪ ይሆናል፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ደግሞ በዚህ ውል ውስጥ አልተጠየቀም።

እኔ መያዣውን አስጠግቼ ጭብጡን ወደ 9 ሚሊ ሜትር አሳደግሁት። ከዚህም በተጨማሪ ከበሩ በላይ ከብረት ዐምዱ ጋር የሚታሰር ጠፍር ጨመርሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 በዊሊስ ላይ ታስሮ የነበረው ዓይነት ማለት ነው። በመኪናዬ ውስጥም የማይሻር ደንብ አለ፦ ቀበቶ ሳይታሰር ሞተር አይነሣም፤ ክንድ ከበሩ ጫፍ ወደ ውጭ አይወጣም፤ መኪናው ሲያዘነብል ማንም እጁን ዘርግቶ መሬቱን ለመደገፍ አይሞክርም። የበሩ ሥራ ወደ እኛ ስለ ተላለፈ ልንሠራው ግድ ነውና።

ይህ ጉዳይ የኮሎራዶ ብቻ አይደለም። በአገራችንም በየጋራዡ የጭነት መኪና ወደ ሰው ማመላለሻ ይለወጣል፣ ወንበር ይጨመራል፣ ፖርቶመጋላ ይገጠማል፣ በር ይቆረጣል። የሚሠሩት ባለሙያዎች እጃቸው የተባረከ ነው፤ የጎደለው ለውጡ የትኛውን የቀድሞ ሥራ እንደ ሻረ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ቀላል ልማድ እንዲያስፋፋ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም የመኪና አካል ሲለወጥ ባለሙያው በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የተነሣው አካል ምን ምን ይሠራ እንደ ነበረ፣ አዲሱ አካል ከእነዚህ የትኞቹን እንደማይሠራ፣ የቀሩትንም ማን እንደሚሠራቸው። ገጹ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ተሳፋሪም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይለጠፍ።

ግማሽ በሬን አልጣልሁትም፤ የመንገዱን ጠርዝ ስላሳየኝ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ቀሪው ግማሽ የት እንዳለ ሳላውቅ አልነዳም።