ምንነቱ ሳይታወቅ ስለ ኖረው ተክል
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በክረምት ወራት በድንጋይ አጥርና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ስጋጃ ተነጥፎ የሚታየውን ደቃቅ ተክል ያላየ ሰው አይገኝም። የዕፀዋት ሊቃውንት ሞስ ይሉታል። አበባ የለውም፤ እውነተኛ ሥርም የለውም፤ የሚራባውም ስፖር በሚባል እንደ ትቢያ በደቀቀ ብናኝ ነው። በዓለም ላይ ከ10,000 የሚበልጡ የሞስ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ዛሬ የምንነጋገርበት የታካኪያ ቤተሰብ ሁለት ዝርያዎች ብቻ ያሉት እጅግ አነስተኛ ቤተሰብ ነው።

ታካኪያ ቁመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ቅጠሎቹ እንደ ጣት የተከፋፈሉ ድብልብል ናቸው። ሌሎች ሞሶች መሬትን የሚጨብጡባቸው ሥር መሰል ክሮች እንኳ የሉትም። የሚኖረውም በሂማላያና በቲቤት፣ በጃፓን፣ በቦርኔዎ እንዲሁም በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው።

የዚህ ተክል አመዳደብ ታሪክ አስተማሪ ነው። በ1861 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ዊልያም ሚተን ከሂማላያ የመጣውን ናሙና መርምሮ፣ ሊቨርወርት ከሚባሉት የሞስ ዘመዶች ጋር መዘገበው። በ1951 ዓ.ም. ኖሪዎ ታካኪ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ተመሳሳዩን ተክል በአገራቸው ተራሮች ላይ አገኙ። ሃቶሪና ኢኖዌ የተባሉ ሊቃውንትም በ1958 ዓ.ም. በአግኚው ስም ታካኪያ ብለው ሰየሙት። ጃፓናውያን ግን ግራ ቢገባቸው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው የሚያሰኝ ሞስ» የሚል የቅጽል ስም አወጡለት።

ግራ መጋባታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተክሉ ሴቴ አካል እንጂ ወንዴው አካልና የስፖር ከረጢቱ አልታዩም ነበር። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዋናው ሰነድ የጎደለው ዶሴ ለጊዜው ወደሚመስለው ክፍል ይመራል፤ የመጨረሻ ውሳኔ ግን ሊሰጥበት አይገባም። ታካኪያም ከሊቨርወርት ክፍል ከ100 ዓመት በላይ የቆየው በዚሁ ዓይነት ነው።

የጎደለው ሰነድ የተገኘው የአላስካ ክፍል በሆኑት በአሊውሽያን ደሴቶች ነው። ዴቪድ ስሚዝና ፖል ዴቪሰን በ1993 ዓ.ም. ወንዴውን አካልና ከረጢቱን በዝርዝር ገልጠው ጻፉ። በሊቨርወርት ዘንድ ከረጢቱን የሚሸከመው ዘንግ የሚረዝመው ከረጢቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ በሞስ ዘንድ ግን አስቀድሞ ይረዝማል። ታካኪያ በዚህ እንደ ሞስ ሆኖ ተገኘ። በከረጢቱ መካከል እንደ ምሰሶ የቆመ አካል አለው፤ ስፖርን የሚበትኑት የሊቨርወርት ጥምዝ ክሮች ግን የሉትም። ከረጢቱም በአንድ ጠመዝማዛ ስንጥቅ ይከፈታል። ከዚህ የተነሣ ታካኪያ ወደ ሞሶች ተዛወረ፤ ቆየት ብሎ የተደረገው የዘረ መል ምርመራም ይህንኑ አጸና።

በ2023 ዓ.ም. የቻይናና የጀርመን ተመራማሪዎች ከ10 ዓመት በላይ የደከሙበትን ጥናት አወጡ። ጥናቱ እንደሚለው የታካኪያ የዘር ሐረግ 390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። የሂማላያ ተራሮች ሳይነሡ የነበረው ይህ ተክል፣ ምድሩ ከፍ ባለ ቁጥር ከብርዱና ከኃይለኛው የፀሐይ ጨረር ጋር እየተላመደ ኖረ። በቲቤት ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በየዓመቱ 8 ወር ያህል በበረዶ ተሸፍኖ ይኖራል።

ይሁን እንጂ ያንን ሁሉ ዘመን የቻለው ተክል የዛሬውን ሙቀት መቻሉ ያጠራጥራል። በጥናቱ ስፍራ የታካኪያ ብዛት በየዓመቱ በ1.6 ከመቶ ሲቀንስ ታይቷል፤ ይህም በአቅራቢያው ከሚበቅሉት ሌሎች ሞሶች ይልቅ የፈጠነ ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ የሰው ልጅ ይህን ተክል በትክክለኛው መደብ ለማስቀመጥ ከ130 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ስሙ በመዝገብ ከተስተካከለ ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት ቢሆነው፣ ባለ መዝገቡ ራሱ ከተራራው እየጠፋ ነው። የትንሹን ፍጥረት ምንነት በትዕግሥት መመርመር የሊቃውንት ሥራ ነው፤ የተመረመረው እንዳይጠፋ መጠበቅ ግን የሁላችንም ዕዳ ነው።