የሰው ታሪክ ሲነገረን ሰነዱን እንጠይቅ



አንድ ወንድማችን በአሜሪካ «አንሳሩላህ» የተባለውን ማኅበረሰብ ስለመሠረተው ድዋይት ዮርክ ሁለት ጽሑፎች አንብበው ግራ ተጋብተዋል። አንዱ የሱዳኑ መህዲ ዘር ያደርገዋል፤ ሌላው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም መልካም ነገር አያገኝበትም። የትኛውን ልመን? ይላሉ።

ዮርክ በ1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ተከታዮቹን በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ሰብስቦ ያኖር ነበር። ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች በየተለያየ ቤት ያድሩ ነበር፤ ወንዶቹ መንገድ ላይ መጽሐፍና ዕጣን ይሸጡ ነበር። እርሱም በራሱ መጻሕፍት «የተወለድኩት ኦምዱርማን ነው፤ አባቴም የመህዲው የልጅ ልጅ ኢማም አል-ሃዲ ናቸው» አለ።

ኢማም አል-ሃዲ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም። በ1970 የኒሜሪ ጦር አባ ደሴትን ከመታ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ለመሻገር ሲሞክሩ የተገደሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ስመ ጥር ቤተሰብ ልጁን አያጣውም፤ ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻል ነበር። ቢላል ፊሊፕስ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ የዘር ሐረጉን ውድቅ አድርጎታል። ዮርክ ራሱም እስልምናን ትቶ በ1993 ወደ ጆርጂያ ተዛውሯል፤ በዚያም ፒራሚድ አሠርቷል፤ «ሪዝቅ» ከምትባል ፕላኔት መጣሁም ብሏል። (ዐረብኛ የሚያውቅ ስሙን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።) የትውልድ ቦታውን የሚለዋውጥ ራዊ ሲያጋጥማቸው ሙሐዲሶቻችን ምን ይሉ እንደነበር መናገር አያስፈልገንም።

ነገር ግን ተቃዋሚውም ራዊ ነው። ፊሊፕስ የጻፈው ሰዎችን ከዚያ ጀመዓ ለማውጣት ነው፤ ከመረጃ ሰጪዎቹም ብዙዎቹ ማኅበረሰቡን ጥለው የወጡ ናቸው። ይህ ሐሰተኛ አያደርጋቸውም፤ ሁለተኛ ምስክር ግን ያስፈልጋል። ማይክል ሙሐመድ ናይት በ2020 ባወጣው መጽሐፍ የማኅበረሰቡን የራሱን ሕትመቶች አገላብጦ፣ የተለመደው ትረካ ብዙ ነገር እንደሚዘል አሳይቷል። የትውልድ ዓመቱ እንኳ አንዱ ጋ 1935፣ ሌላው ጋ 1945 ነው። እንዲህ ሲሆን «ይባላል» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ይህን ሁሉ የምንለው ለዮርክ አዝነን አይደለም። በ2004 በሕፃናት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃትና በተደራጀ ወንጀል 135 ዓመት ተፈርዶበታል። በዚያ ማኅበረሰብ ያደጉ ልጆች ችሎት ፊት ቆመው መስክረዋል። ተከታዮቹ ግን «በሐሰት ተወንጅሎ ነው» ማለትን አልተዉም። እኛ ባልተጣራ ወሬ ታሪኩን ባሳበጥን ቁጥር «አያችሁ፣ ሁሉም ውሸት ነው» ይላሉ፤ በመሐል የሚጎዳው የእነዚያ ልጆች ቃል ነው። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያዘነብለን ያዘዘን የምንጠላውን ሰው በሚመለከት ነው።

ለጠያቂ ወንድማችን፦ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ይጀምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ወሬ ማን እንዳየው፣ መቼ እንደተጻፈ ይጠይቁ።

እኛም ከዚህ ቀደም በዚሁ ፕሮግራም «እስልምናን ለማፍረስ የተላከ ሰው ነው» ብለን ነበር። ማን ላከው? ማስረጃ አልነበረንም። ያንን ቃላችንን ዛሬ አንስተነዋል።