የንግግር ማኅበር ሥራ ለሚፈልግ ሰው ስለሚሰጠው ጥቅም



የሰው ዕውቀት የሚቀመጠው በልቡ ነው፤ ወደ ሌላ ሰው የሚደርሰው ግን በአንደበቱ ነው። ጎተራው ተከድኖ ሳለ በውስጡ ያለው ስንዴ ይሁን ገለባ ከደጅ የቆመ ሰው ሊለየው አይችልም። ብዙ የደከመበትን ትምህርት ይዞ ሥራ ያጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ዕውቀቱን በወግና በሥርዓት አውጥቶ የሚያሳይበት ልማድ ነው። የዛሬውም ንግግር ይህን ልማድ የንግግር ማኅበር ለሥራ ፈላጊ እንዴት እንደሚሰጠው ለማስረዳት የታሰበ ነው።

አንዲት ወጣት ልጅ በምሳሌ ትወሰድ። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርቷን በመልካም ውጤት ፈጽማለች፤ ማመልከቻዋንም አሳምራ ጽፋ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገብታለች። ከብዙ ቀን በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ስትገባ ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ታገኛለች። ከመካከላቸው አንዱ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ይላታል። ስሟንና የተማረችበትን ትምህርት ቤት ከተናገረች በኋላ ዐይኗን ወደ መሬት ጥላ ዝም ትላለች። ደግመውም «ከዚህ በፊት የገጠመሽን ችግር እንዴት አድርገሽ እንደ ፈታሽው አስረጂን» ባሏት ጊዜ ያልባታል፤ ድምፅዋም ይቈረጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሥራውን ሌላ ሰው መያዙን ትሰማለች። እናቷም «ምነው ልጄ፥ ጥያቄው ከበደሽ?» ብትላት «የለም እማዬ፥ ጥያቄውስ የማውቀው ነበር፤ የማውቀውን መናገር ነው ያቃተኝ» ብላ ትመልሳለች።

እንዲህ ያለው ዝምታ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የመልካም አስተዳደግ ፍሬ ነው። በኢትዮጵያ ልጅ በታላላቆች ፊት ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ፥ ሳይጠየቅ እንዳይናገር፥ ራሱንም እንዳያመሰግን ይማራል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»፥ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እየተባለም ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚከለክለው ከንቱ ልፍለፋን እንጂ ተጠይቆ እውነትን መመስከርን አይደለም። ያው ሕዝብ በቀድሞው ዘመን ሙግት በገጠመ ጊዜ በዳኛ ፊት ቆሞ «በልሃ ልበልሃ» እየተባባለ ነገሩን በምሳሌና በማስረጃ አሳምሮ ይናገር ነበር። በዚያ ሸንጎ አንደበቱ የተያዘበት ሰው እውነት ሳለው ርስቱን ሊያጣ ይችል ነበር። የዛሬው ሥራ ፈላጊም በጠያቂዎቹ ፊት የራሱ ጠበቃ ራሱ ነውና ከዚያ ተሟጋች ብዙ አይለይም። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ የቀድሞው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በሸንጎ ዳር ቆሞ ነገር ሲሰማ አደገ፤ የዛሬው ግን ዘመኑን ሲያነብና ሲጽፍ ቆይቶ አፉን የሚያፍታታበት ሸንጎ አላገኘም።

አንደበት በልማድ የሚገራ መሆኑን የዴሞስቴንስ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በአቴና ተወለደ። አባቱ በ7 ዓመቱ ሞተበት፤ ሞግዚቶቹም ያባቱን ሀብት አባከኑበት። ባደገ ጊዜ ሀብቱን ለማስመለስ ራሱ በፍርድ ቤት ቆሞ ተሟገተ። እንግዲህ ንግግርን የተማረው አስቀድሞ ለእንጀራው ነበር ማለት ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው መጀመሪያ በሕዝብ ጉባኤ በተናገረ ጊዜ ተሳቀበት፤ እርሱ ግን ጠጠር በአፉ ይዞ በመናገር ቃሉን አጠራ፤ ዳገት እየወጣ በመናገርም ትንፋሹን አበረታ። ከዚህም ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። አንድ ቀን አዝኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሳቲሩስ የሚባል የቲያትር ተጫዋች አገኘውና ከታወቀ ድርሰት ጥቂት ቃል እንዲያሰማው ጠየቀው። ካሰማው በኋላም ያንኑ ቃል ሳቲሩስ ራሱ በተገቢው ድምፅና አኳኋን ደግሞ አሰማው። ዴሞስቴንስም የጎደለውን ያን ጊዜ ዐወቀ። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ጉድለቱን አያይም፤ ሰምቶ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል።

ይህን ብልሃት የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በልቡ ሲቈጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የሳተውን ያቀናለታል፤ ተማሪውም ሌላ ቅኔ ቈጥሮ ይመለሳል። የብልሃቱ ሥር ሦስት ነው፤ ይኸውም አስቦ ማሰናዳት፥ በሰው ፊት መናገር፥ መታረም ነው።

በእነዚሁ በሦስቱ ላይ የቆመ የታወቀ ማኅበር በአሜሪካ አለ። ራልፍ ስሜድሊ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት በብሉሚንግተን ከተማ፥ በኢትዮጵያ ወወክማ በሚባለው በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ውስጥ የትምህርት ሥራ ይመራ ነበር። ወጣቶቹም ሐሳባቸውን በሰው ፊት መግለጥና ስብሰባ መምራት እንደሚያስቸግራቸው አይቶ እየተራ የሚናገሩበትን ጉባኤ አቆመላቸው። በኋላም በዚያው አቈጣጠር በጥቅምት 22 ቀን 1924 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሳንታ አና ከተማ ዛሬ ቶስትማስተርስ የሚባለው ማኅበር በእርሱ መሪነት ተጀመረ። ሴቶች በአባልነት እንዲገቡ የተፈቀደው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የማኅበሩ ክበቦች ከ100 በሚበልጡ አገሮች ይገኛሉ።

የዚህ ማኅበር ሥርዓት ለቃለ መጠይቅ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። አንደኛ፥ አዲስ አባል በመጀመሪያ የሚያደርገው ንግግር ራሱን የሚያስተዋውቅበት ነው፤ ጊዜውም ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ነው። ልጅቱን ያስደነገጣት «ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ ይኸው ነው። ከየት እንደ ተነሣ፥ ምን እንደ ተማረ፥ ምን እንደ ሠራ፥ ወዴት ሊደርስ እንደሚፈልግ አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል አሰናድቶ በሰው ፊት የተናገረ ሰው በጠያቂዎቹ ፊት ሲቀርብ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ሁለተኛ፥ አባሎቹ አስቀድመው ያላሰቡበት ጥያቄ በድንገት ይቀርብላቸውና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ይመልሳሉ። በዚህም ጥቂት ዝም ብሎ ማሰብ ነውር እንዳልሆነ፥ አንድ ሐሳብ መርጦ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት እንደሚበቃ ይማራሉ። ሦስተኛ፥ ሰዓት ጠባቂ አለ፤ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ምልክት እያሳየ ተናጋሪው ጊዜውን እንዲጠብቅ ያደርጋል። ሥራ ፈላጊን የሚጐዳው ዝምታ ብቻ አይደለምና፤ ማብቂያ የሌለው ንግግርም ይጐዳዋል። አራተኛ፥ ተናጋሪው ቃል በጠፋበት ጊዜ «እ…»፥ «እንትን»፥ «ማለቴ» እያለ የሚጨምረውን የሚቈጥር ሰው ይመደባል። ቍጥሩን የሰማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይጠነቀቃል።

አምስተኛ፥ ከንግግሩ በኋላ አንድ አራሚ ተነሥቶ መልካሙንና ሊሻሻል የሚገባውን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይናገራል። ተናጋሪው ሳይቈጣና ሳያፍር መታረምን ይለምዳል፤ አራሚውም በጥንቃቄ ማዳመጥን ይለምዳል። ይህ ማዳመጥ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጥያቄውን ያልሰማ ሰው ያልተጠየቀውን ይመልሳልና። ስድስተኛ፥ ማኅበሩ ሰብሳቢ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ከአባሎቹ ይመርጣል። ከዚህ በፊት ደመወዝ በልቶ የማያውቅ ወጣት በእነዚህ ሥራዎች ቢያገለግል ስለ ኀላፊነት በተጠየቀ ጊዜ የሚናገረው እውነተኛ ነገር ያገኛል።

ይሁን እንጂ የንግግር ማኅበር የማይሰጠውም ነገር አለ። የሥራ ቦታ አይፈጥርም፤ ያልተማረውንም ሰው የተማረ አያደርገውም። «ላፉ ዳገት የለውም» የተባለለት ሰው እንኳ አንድ ጠለቅ ያለ ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ ዳገቱን ያገኘዋል። መልካም ንግግር የሠሩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማስረዳት ነው። «እኔ ጐበዝ ነኝ» ማለት ትዕቢት ይመስላል፤ አድማጩም ለማመን ምክንያት አያገኝበትም። «የሦስት ወር መዝገብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ በሁለት ሳምንት አስተካክዬ አስረከብሁ» ማለት ግን ምስክርነት ነው። እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው አስተዳደጉንም ትሕትናውንም አልጣለም።

በውጭ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ ቋንቋውም ወጉም ሌላ ነውና። ለምሳሌ በአሜሪካ ብዙ ጠያቂዎች ዐይንን ወደ መሬት መጣልን እንደ አክብሮት አይቈጥሩትም፤ አለመተማመን ወይም አንድ ነገር መደበቅ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በዚያ ያሉ ወጣቶች አንዱን ሳምንት በአማርኛ፥ ሌላውን ሳምንት በሚኖሩበት አገር ቋንቋ ቢለማመዱ ይጠቀማሉ።

የታወቀ ማኅበር በሌለበት ቦታም ቢሆን ነገሩ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አሥር ሰዎች፥ አንድ ክፍል፥ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃሉ። በየሳምንቱ ሁለት ሰዎች አሰናድተው ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ድንገተኛ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ አንዱ ሰዓት ይጠብቃል፤ አንዱ ያርማል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን የታላላቆች መልካም ፈቃድ ነው። መሥሪያ ቤት ያስተዳደሩ፥ ሠራተኛ የቀጠሩ አባቶችና እናቶች በወር አንድ ቀን እንኳ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ልጆቹን እንደ ጠያቂ ቢጠይቋቸው፥ ጥያቄውም ካለቀ በኋላ እንደ ወላጅ ቢያርሟቸው፥ የሚሰጡት ስጦታ ከገንዘብ ይበልጣል። ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም ማለትን የተማረ እንደ ሆነ በታላላቆች ፊት መናገርንም ከእነርሱው ዘንድ መማር ይገባዋል።

በምሳሌ የተነሣችው ልጅ እንዲህ ባለ ማኅበር ጥቂት ወራት ቆይታ እንደ ገና ብትጠራ፥ ያ ጠረጴዛና እነዚያ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል። ልቧ መምታቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ከመቀመጧ በፊት እጅ ነሥታ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ትሰማለች፤ ቀና ብላም ትመልሳለች። ሥራውን ታገኝ ይሆናል፤ ከርሷ የበለጠ ሰው ቢመጣ ደግሞ ላታገኘው ትችላለች። እናቷ በር ላይ ቆማ «ምነው ልጄ፥ እንዴት ሆንሽ?» ብላ በጠየቀቻት ጊዜ ግን «የማውቀውን ሁሉ ተናግሬ መጣሁ» ብላ ትመልሳለች።