ሾቹ፣ ቮድካና የዓለም ንግድ ሕግ

እሱ፦ የዓለም ንግድ ሕግ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጉምሩክ ነው። ዕቃው ቀረጥ ከፍሎ ከገባ በኋላስ?

እሷ፦ ዋናው ጣጣ እዚያ ነው! ጃፓን ለአገሯ አረቄ ለሾቹ ታክሱን ዝቅ አድርጋ ቮድካና ውስኪ ላይ ታከብድ ነበር። አውሮፓ፣ ካናዳና አሜሪካ ከሰሷት፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ተረታች።

እሱ፦ በየትኛው አንቀጽ?

እሷ፦ በ1947ቱ የታሪፍና ንግድ አጠቃላይ ስምምነት (ጋት) አንቀጽ 3። ከውጭ የገባውን ከአገር ውስጡ አታበላልጡ ይላል።

እሱ፦ አንቀጽ 1ስ?

እሷ፦ ለአንዱ አገር ቀረጥ ከቀነስክ ለሌሎቹም አባላት ቀንስ። እርግጥ ነጻ የንግድ ቀጣናን የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎች አሉ።

እሱ፦ በጋት ጊዜ ግን የተረታው አገር ራሱ ውሳኔውን ማገድ ይችል ነበር።

እሷ፦ በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲመሠረት ያ ቀረ፤ ይግባኝ ሰሚም ተቋቋመ። ሆኖም አሜሪካ የዳኞቹን ሹመት በማገዷ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ችሎቱ ሥራ ፈትቷል።

እሱ፦ ታዲያ ተረቺው ይግባኝ ቢልስ?

እሷ፦ መዝገቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጉልበተኛው አገር በራሱ ቀረጥ ይበቀላል፤ እንደ እኛ ላለው አገር ግን ያለ ዳኛ አንቀጹ ብቻውን ምን ይፈይዳል?