እግራችን እንዲጸና ምን እናድርግ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ መውደቅ ነው። ደስ የሚል ርእስ አይደለም። ነገር ግን በየወሩ ስም ሲጠራ «እማማ ዛሬስ የት ቀሩ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ወድቀው ተኝተዋል» ወይም «መውጣት ፈርተዋል» የሚለውን መልስ እየለመድነው ነው። ስለዚህ እንነጋገርበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ከድንገተኛ አደጋዎች ውስጥ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው፤ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። እኛ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንታችን ይሳሳል። ወጣት ብትወድቅ አቧራዋን አራግፋ የምትሄድበት አወዳደቅ እኛን ዳሌ ሊሰብር ይችላል።

ሰው ሳይንገዳገድ እንዲቆም ሦስት ነገሮች ለአንጎል ወሬ ያቀብላሉ። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው የውስጠኛው ጆሮ ነው። ሦስተኛው የእግራችን መዳፍና መገጣጠሚያ መሬቱን የሚያውቅበት ስሜት ነው። አንጎል ወሬውን ሰምቶ ጡንቻን ያዛል። ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም ይደክማሉ። ደስ የሚለው ግን ጡንቻ በ70ም በ80ም ዓመት ቢሆን ካሠሩት ይበረታል፤ አንጎልም ሚዛን መጠበቅን እንደገና ይማራል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ የሚዛንና የጉልበት እንቅስቃሴ የሚሠሩ አረጋውያን አወዳደቅ በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ነገሬ ይህ ነው፤ እኛን ከሚያደክሙን ነገሮች አንዱ ክብራችን ነው። ልጆቻችን ስለሚወዱን «እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» ይላሉ። ውኃውን እነሱ ይቀዳሉ፣ ቤቱን እነሱ ይጠርጋሉ፣ ወደ ሱቅ ልጅ ይላካል። እግዜር ይስጣቸው፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን ጎንበስ ቀና ማለቱ፣ ከበርጩማ መነሣቱ፣ ዳገቱን መውጣቱ ነበር እግራችንን ያቆየልን። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና መውጣት፣ ቅዳሴ ላይ ለሰዓታት መቆም፣ በሁዳዴ መስገድ፣ ሙስሊም እህቶቻችንም በየሶላቱ መጎንበስና መነሣት፣ ይህ ሁሉ የሰውነት ማሠልጠኛችን ነው። ሰው አንድ ጊዜ ወድቆ ሲፈራ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ይደክማል፤ ሲደክም እንደገና ይወድቃል። ከዚያ ዕድሩም ማኅበሩም ይቀራል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከሰፈር ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ሊፍት የሌለው ደረጃ ይወጣሉ፤ ወደዚህ ለመምጣት የታክሲውን ከፍ ያለ መርገጫ ይረግጣሉ። እግር ከከዳ ከጎረቤት ያገናኝ የነበረው መንገድ ይዘጋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንሥራ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን የሚዛንና የጉልበት እንቅስቃሴ ይመክራል። እንዳይረሳን ከቡናችን ጋር እናያይዘው፤ ከከሰሉና ከጀበናው ግን ራቅ ብለን።

በአቦል፦ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈን፣ በእጃችን ሳንደገፍ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ። ያቃታት በእጇ ትደገፍ፤ እየቆየ ትተወዋለች።

በቶና፦ የወንበሩን መደገፊያ ይዘን በጣታችን ከፍ ማለት፣ ቀስ ብሎ መውረድ፤ ይህም 10 ጊዜ።

በበረካ፦ መጀመሪያ ሁለት እግር ገጥሞ መቆም፤ ቀጥሎ አንዱን እግር በግማሽ ማስቀደም፤ ቀጥሎ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ማስገጠም፤ በመጨረሻ በአንድ እግር መቆም። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ። አንዱን ሳትችሉ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ግድግዳ አጠገብ ይሁን፤ ሰውም ይኑር።

በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የወደቀች፣ ራሷን የሚያዞራት ወይም ደረቷን የሚያማት ሐኪም ሳታማክር አትጀምር። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይ በጾም ጊዜ፣ ከአልጋ ስትነሡ ጠርዙ ላይ ጥቂት ቁጭ ብላችሁ ነው። ዓይናችሁ ከደበዘዘ «የእርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው።

ቤታችንንም እንይ። ብዙዎቻችን መጸዳጃችን ከግቢው ጥግ ያለ የጋራ ነው፤ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ በክረምት ያንሸራትታል። ባትሪ ከራስጌ ይቀመጥ። ሌሊት ፖፖ መጠቀም ነውር አይደለም። ነጠላ ጫማ ትተን ተረከዝ የሚይዝ ጫማ እናድርግ። ከዘራ መያዝም አያሳፍርም፤ መቋሚያ ይዘን ስንቆም ማን ይስቅብናል?

ብንወድቅስ? ወዲያው አንነሣ። ሕመም ከሌለ በጎን ዞረን፣ በእጅና በጉልበት ሄደን፣ ወንበር ይዘን አንዱን እግር አስቀድመን እንነሣ። ዳሌ ካመመ፣ እግር አልረግጥ ካለ ወይም አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ግን ወጌሻ አይንካው፤ ሳይታሽ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ከተሰበረ አጥንት ላይ ማሸትና አጥብቆ ማሰር እግር እስከማሳጣት ያደርሳል።

ለማኅበራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየስብሰባው መጀመሪያ 10 ደቂቃ አብረን እንሥራ። ሁለተኛ፣ መምጣት ያቆሙትን ሁለት ሁለት ሆነን እንጠይቅ፤ ስንሄድ እጃቸውን ይዘን እስከ በራቸው እንውሰዳቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ጎረቤት። ለምትደግፉን ወዳጆቻችንም አንድ ቃል፦ በአንድ ደረጃ ላይ የሚበየድ መደገፊያ ብረትና በግቢ የሚበራ አንድ አምፖል ብዙ ወጪ የላቸውም። አንዲትን እናት ከአልጋ ያድናሉ።

ልጆቻችን «አርፈሽ ተቀመጪ» ሲሉን እንመርቃቸው፤ ከዚያ «ተነሥቼ ልቅዳው» እንበል።

አሁን ወንበራችሁን ወደ ግድግዳ አስጠጉ፤ አብረን እንጀምር።