ለሕመምተኛ አስተርጓሚ ስለ ማስፈለጉ



ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ለሕክምና የሚደርስ የቦረና ሰው ሕመሙን በገዛ ቋንቋው ይናገራል። ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ አገር የሚሻገረው ግን በሰው አፍ መናገር ግድ ይሆንበታል። «ምች መታኝ» ቢል ቃሉን ብቻ የሚያውቅ አስተርጓሚ ምን ይበል? «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ወገቡን ማለቱ ነው።

የሰዓቱም ነገር አለ። እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለው በውጭው አቈጣጠር 8 ሰዓት ነው። ሕመምተኛው በአገሩ ልማድ ከተረዳው መድኃኒቱን የሚውጠው ከሌሊቱ በ8 ሰዓት፣ ማለት 6 ሰዓት ዘግይቶ ይሆናል።

ዘመድ አይበቃምን? ትሉ ይሆናል። ልጅ ለአባቱ የካንሰርን ስም ለመጥራት አፉ አይታዘዝለትም፤ «አባባ፣ ቀላል ነው» ይለዋል። እኔም ብሆን ይህንኑ ሳላደርግ አልቀርም። አባት ግን ምንነቱን ላልሰማው ቀዶ ሕክምና ይፈርማል።

ባንኮክ የሚገኘው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባል። እንግዲህ ከመሥሪያ ቤታችሁ ወይም ከቤተ ዘመዳችሁ ለሕክምና የሚወጣ ሲኖር፣ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቈረጥ፣ በምርመራውና በፊርማው ሰዓት አስተርጓሚ አብሮት የሚቆም መሆኑን ሆስፒታሉን በጽሑፍ ጠይቁለት።