ድለላና ብዕር
በአፊሊየት ሽያጭ የሚተዳደር ጦማሪ ስለሚገጥሙት እንቅፋቶች ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር

ሻጭንና ገዢን የሚያገናኝ ሰው ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። በመርካቶም ሆነ ቤት በሚከራይበት መንደር ሁሉ ደላላ የታወቀ ሞያተኛ ነው። ሥራው ፈላጊን ከተፈላጊ ማገናኘት ሲሆን፣ ዋጋውም ከተፈጸመው ውል ላይ የሚቆረጥለት ኮሚሽን ነው። ስለ ደላላ ብዙ ክፉ ቢነገርም አንድ የማይካድ በጎ ነገር አለው፤ ይኸውም ደላላነቱን የማይደብቅ መሆኑ ነው። ቤት ፈላጊው «ውኃው አይቋረጥም፣ ጎረቤቱም ጨዋ ነው» ሲባል፣ ተናጋሪው ቤቱ በተከራየ ጊዜ ገንዘብ የሚያገኝ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ከሰማው ላይ ተገቢውን ቀንሶ ያምናል።

የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው፣ አፊሊየት ማርኬቲንግ እየተባለ የሚጠራው የአሻሻጭነት ሥራም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። በኢንተርኔት ላይ ጦማር ከፍቶ የሚጽፍ ሰው ስለ አንድ ዕቃ ይጽፋል፤ በጽሑፉም መካከል ወደ ነጋዴው ድረ ገጽ የሚያሻግር ሊንክ ያኖራል፤ አንባቢው በዚያ ሊንክ ተሻግሮ ዕቃውን ሲገዛ ነጋዴው ከሽያጩ ዋጋ ከመቶ ይህን ያህል እጅ ብሎ ለጦማሪው ይከፍለዋል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ደላላው የሚናገረው በደላላነቱ ታውቆ ሲሆን፣ ጦማሪው የሚናገረው ግን በወዳጅና በአዋቂ ስም ነው። የዚህ ሥራ ፈተና ሁሉ በዚህ አንድ ልዩነት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ሲዲናው የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መደብር እ.ኤ.አ. በ1994 እንዲህ ያለውን የኮሚሽን ስምምነት ጀመረ፤ አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 አሶሺየትስ የተባለውን ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ ድረ ገጽ ያለው ማንኛውም ሰው መጻሕፍቱን እያሻሻጠ ድርሻ እንዲያገኝ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በመላው ዓለም ተስፋፍቶአል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጦማሪው መጋዘን አይከራይም፣ ዕቃ አያከማችም፣ መነሻ ካፒታልም አያስፈልገውም። ጋዜጣና መጽሔት ለጸሐፊ የሚከፍሉት በመነመነበት ዘመን፣ ብዕሩን መተዳደሪያው ሊያደርግ ለሚሻ ወጣት ይህ ትልቅ ተስፋ መስሎ ቢታየው ሊፈረድበት አይገባም። ተስፋውን የሚሰብከው ሰው እንደ መብዛቱ ግን ጉድለቱን የሚዘረዝረው ጥቂት ስለሆነ፣ እንቅፋቶቹን በተራ መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ገቢው በሌላ ሰው እጅ ያለ መሆኑ ነው። ጦማሪው የዕቃውን ዋጋ አይወስንም፤ የኮሚሽኑን መጠንም አይወስንም፤ ስለ ውሉ የሚከራከርበት ጠረጴዛም የለውም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ ከቤቱ በዘጋበት ወር፣ አማዞን ለቤት ዕቃና ለአትክልት ሥፍራ መሣሪያዎች ይከፍል የነበረውን ኮሚሽን ከመቶ 8 እጅ ወደ ከመቶ 3 እጅ፣ ለምግብ ሸቀጥ ይከፍል የነበረውን ደግሞ ከመቶ 5 እጅ ወደ ከመቶ 1 እጅ ዝቅ አደረገ። ይህ ማለት አንድ ጦማሪ በወር ዋጋቸው 200 ዶላር የሆኑ 40 ወንበሮችን ያሻሽጥ ከነበረ፣ 640 ዶላር የነበረው ገቢው በአንድ ጊዜ 240 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ አንባቢው አልሸሸም፤ የሸማቹም ቁጥር አልቀነሰም። የተለወጠው ነገር ቢኖር የነጋዴው ፈቃድ ብቻ ነበር።

ከዚህ የባሰም ደርሶአል። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ መንግሥት፣ በክልሉ ውስጥ የኮሚሽን አሻሻጮች ያሉት የኢንተርኔት ነጋዴ የሽያጭ ግብር እየሰበሰበ እንዲያስገባ የሚያስገድድ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ አማዞን በካሊፎርኒያ የሚኖሩትን አሻሻጮቹን ውል አፈረሰ። በሌሎች ክልሎችም ከዚያ በፊት እንዲሁ አድርጎ ነበር። የካሊፎርኒያዎቹ በዚያው ዓመት መጸው ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ቢመለሱም፣ በመንግሥትና በነጋዴ መካከል በተነሣው ጠብ ውስጥ ቃል ያልተናገሩት ጦማሪዎች ለወራት ገቢያቸውን አጥተዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው የአበው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው እንቅፋት የሒሳቡ መዝገብ በከፋዩ እጅ መሆኑ ነው። አንባቢው ሊንኩን ሲጫን ኩኪ የሚባል ትንሽ መለያ በብራውዘሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሽያጩ የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ምልክት ነው። በአማዞን ደንብ የዚህ ምልክት ዕድሜ 24 ሰዓት ነው። አንባቢው ጽሑፉን ዛሬ አንብቦ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ተማክሮ፣ ዕቃውን ከነገ ወዲያ በራሱ መንገድ ሄዶ ቢገዛ፣ ሐሳቡን ያስለወጠው ጦማሪ ምንም አያገኝም። የተመለሰ ዕቃ ኮሚሽኑ ይሠረዛል፤ የጸደቀውም ቢሆን የሚከፈለው ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ያህል በኋላ ነው። በዚህ ላይ አፕል ሳፋሪ በተባለው ብራውዘሩ እነዚህን ምልክቶች ከ2017 ጀምሮ እያጠበበ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሦስተኛ ወገን የሆኑትን በሙሉ አግዶአል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ደግሞ፣ የፔይፓል ንብረት የሆነው ሃኒ የተባለ የቅናሽ ፈላጊ ፕሮግራም፣ ገዢው ሊከፍል ሲል የጸሐፊውን ምልክት በራሱ ምልክት ይተካል የሚል ወቀሳ ተነሥቶበት፣ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ኩባንያው በበኩሉ የዘርፉን የተለመደ ደንብ እንደሚከተል ገልጾአል። የሙግቱ ውጤት የሆነው ቢሆን፣ ጸሐፊው የራሱን የሥራ ዋጋ ራሱ ቆጥሮ ለማረጋገጥ የማይችል መሆኑን ሁሉም እንዲያስተውል አድርጎአል።

ሦስተኛው እንቅፋት አንባቢውም ቢሆን በሌላ በር የሚገባ መሆኑ ነው። ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጦማሩ የሚደርሰው በጎግል ፈልጎ ነው። ጎግል ደግሞ የገጾችን ቅደም ተከተል የሚወስንበትን ሥርዓት ያለ ማቋረጥ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓንዳ በተባለው ለውጥ፣ በ2021 በዕቃ ግምገማዎች ላይ ባተኮረው ለውጥ፣ በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ለአንባቢ ይጠቅማሉ የተባሉትን ጽሑፎች ለመለየት ባደረገው ለውጥ፣ ከኮሚሽን የሚኖሩ ብዙ ገጾች አንባቢያቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ መካከል ዕቃውን ዓይተው የማያውቁ፣ የነጋዴውን መግለጫ ገልብጠው ብቻ የሚለጥፉ ነበሩና ቢወድቁ አያስቆጭም። ነገር ግን ደክመው የሠሩ ትንንሽ ጦማሪዎችም አብረው ተጎድተዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ጸሐፊ ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንዱ ገበያተኛውን የሚልክለት፣ ሁለተኛው ደመወዙን የሚቆርጥለት፤ ከሁለቱም ጋር የሚተዋወቀው በደንብ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

አራተኛው እንቅፋት ሕግና ውል ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ምስክርነት ማስታወቂያዎች ያወጣውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያሻሽል ጦማሪዎችን በግልጽ አስገብቶአል፤ በ2023ም እንደ ገና አጠናክሮታል። በመመሪያው መሠረት ከሻጩ ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው ሰው ይህንኑ አንባቢው በቀላሉ በሚያየውና በሚረዳው አኳኋን መግለጽ ይገባዋል፤ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል መሸሸግ አይበቃም። በአሜሪካ ተቀምጦ በአማርኛ የሚጽፍ ሰውም ከዚህ ነጻ አይደለም። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሚያሳስት አገላለጽ የጸዳ እንዲሆን ያዝዛል። ውሎቹም ብዙ ወጥመድ አላቸው። ለምሳሌ አማዞን አዲስ አሻሻጭ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሽያጭ ካላስገኘ ውሉን ይዘጋል፤ ጦማሪው በራሱ ሊንክ ለራሱ እንዲገዛም አይፈቅድም። ደንቡን በተንኰል ለማለፍ የሚሞክር ደግሞ ከዚህ የከፋ ይጠብቀዋል። የኢቤይ ፕሮግራም ታላላቅ ተከፋዮች ከነበሩት ሁለት ሰዎች፣ ሊንክ ባልጫኑ ጎብኚዎች ብራውዘር ውስጥ ሳይቀር ኩኪ እያስገቡ ኮሚሽን በመሰብሰባቸው በማጭበርበር ወንጀል ተከሰው ጥፋተኝነታቸውን ካመኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አንደኛው የ5 ወር፣ ሁለተኛው የ15 ወር እሥራት ተፈርዶባቸዋል።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስከዚህ የተዘረዘሩት እንቅፋቶች ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ብልህ ሰው በጥንቃቄ ሊቀንሳቸው ይችላል። አምስተኛውና ከባዱ ግን ከውስጥ፣ ከራሱ ከጸሐፊው ብያኔ የሚነሣ ነው።

አንድ አንባቢ «ልገዛ ነውና ምከረኝ» ብሎ ሲመጣ ሊሰጠው የሚገባው እውነተኛ መልስ ብዙ ጊዜ «አትግዛ» የሚል ነው። አሮጌውን አስጠግን፤ ከጎረቤት ተዋስ፤ ርካሹ ይበቃሃል፤ ከሰፈርህ ሱቅ ውሰድ፤ እነዚህ ሁሉ መልካም ምክሮች ናቸው። ሆኖም አንዳቸውም ኮሚሽን የላቸውም። ኮሚሽን ያለው ምክር «ግዛ» የሚለው ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙ ኮሚሽን ያለው «ውዱን ግዛ» የሚለው ነው። ጦማሪው አንድም የሐሰት ቃል ሳይጽፍ ሊያሳስት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከአሥር ዕቃዎች የሚከፍሉትን ስድስቱን አወዳድሮ የማይከፍሉትን አራቱን ዝም ቢል፣ የጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ፍርዱ ግን የተጣመመ ይሆናል። ይህም በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። የሚከፍለው ርእስ ቀስ በቀስ የማይከፍለውን እየገፋ፣ ጸሐፊው የሚያውቀውንና የሚወደውን ነገር ትቶ ስለ ፍራሽና ስለ መጥበሻ የሚጽፍበት ቀን ሳያስበው ይደርሳል።

ፍራሽ የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬስፐር የተባለው የአሜሪካ የፍራሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ፍራሽ እየገመገሙ የሚጽፉ ሦስት ድረ ገጾችን ባለቤቶች ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ገምጋሚዎቹ ከተወዳዳሪ ኩባንያዎች የሚያገኙትን ጥቅም በሚገባ ሳይገልጹ አንባቢን ያሳስታሉ የሚል ነበር። ክሶቹ በስምምነት ተዘጉ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሦስቱ አንዱ የሆነው ስሊፖፖሊስ ለሌላ ድርጅት ሲሸጥ፣ ለግዢው የገንዘብ ድጋፍ የሰጠው ራሱ ኬስፐር መሆኑ ተገለጠ። እንግዲህ አንድ ፍራሽ ሊገዛ የተነሣ ተራ ሰው፣ የሚያነበው ፍርድ ከማን ኪስ እንደ ወጣ በምን ያውቃል? አንባቢው ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ መጠየቅ ከጀመረ፣ ሐቀኛውንም ሐሰተኛውንም በአንድ ዓይን ማየቱ አይቀርም።

ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ የበለጠ ያሠጋል። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንድ አንባቢ ቢያጣ ሌላ ሺህ ይመጣለታል፤ በአማርኛ የሚጽፍ ግን አንባቢው የተወሰነ ነው። ከጥቂት አንባቢ ጥቂት ከመቶ ቢገኝ ትርፉ ትንሽ ሲሆን፣ ኪሳራው ግን ትልቅ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ባለው የሀበሻ ማኅበረሰብ ውስጥ ሰው ከሰው ይተዋወቃል፤ «እርሱ የመከረኝ ዕቃ አከሰረኝ» የሚል ቃል በየቡናው ላይ ይዞራል። ከመቶ 3 እጅ ለማግኘት ተብሎ የጠፋ ስም በመቶ ጽሑፍ አይመለስም።

ታዲያ ሥራው ጨርሶ ይወገዝ ማለት ነውን? አይደለም። ዋየርከተር የተባለው የዕቃ ገምጋሚ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሞ፣ ገቢውን በዋነኛነት ያገኝ የነበረው ከዚሁ ኮሚሽን ነበር። ሆኖም ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ እየፈተነ፣ ለምን አንዱን መርጦ ሌላውን እንደ ተወ በዝርዝር እየጻፈ ስለ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ዮርክ ታይምስ 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ገዛው። ጋዜጣው ሊንክ አላነሰውም፤ የገዛው የአንባቢን እምነት ነው።

ከዚህ ሁሉ አራት ምክሮች ይወጣሉ። በመጀመሪያ፣ ፍርዱ ከኮሚሽኑ ይቅደም፤ ጸሐፊው የትኛው ዕቃ እንደሚሻል ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ የሚከፍል መኖሩን ይፈልግ፤ ባይኖርም ጽሑፉን አይለውጥ። ሁለተኛ፣ የጥቅም ግንኙነቱን በጽሑፉ ራስጌ፣ አንባቢው በሚገባው አማርኛ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ «አትግዛ» የሚለውን ምክር በየጊዜው ይጻፍ፤ ይህን ምክር ጽፎ የማያውቅ ገምጋሚ ሻጭ እንጂ መካሪ አይደለም። አራተኛ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንደ ተባለው፣ ኑሮውን በአንድ ነጋዴ ላይ አያንጠልጥል፤ አንባቢው ራሱ የሚከፍልበትን መጽሐፍ፣ ትምህርት ወይም የደንበኝነት ክፍያ ከጎኑ ያቁም።

ነጋዴው ኮሚሽኑን ቢቀንስ ሌላ ነጋዴ ይገኛል። መፈለጊያው ገጹን ቢያወርደው በትዕግሥት ሊመለስ ይችላል። ኩኪው ቢጠፋም የአንድ ቀን ዋጋ ነው። ጸሐፊ ከእጁ ወጥቶ ከየትም ገዝቶ የማይተካው ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አንባቢው «ይህ ሰው ለእኔ ብሎ ጻፈ» ብሎ የሚያምንበት ልብ ነው። የማኅበሩ አባላት ለወጣት ባልደረቦቻቸው የገቢ መንገድ ሲያሳዩ፣ ይህ ሀብት በስንት ከመቶ እንደሚሸጥ አስቀድመው እንዲያስቡበት ማሳሰብ የሞያ ግዴታቸው ነው።